ያልጠቆረው ወረቀት

በጥርስ ክሊኒኩ ውስጥ ከሁሉም ክፍል ጠባቡ የእሷ ነበር። ሁለት መታጠቢያ ገንዳ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማሽንና አንድ ወንበር ይዟል። ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ በሩን መዝጋት፣ በሩን ለመክፈት ደግሞ ከወንበሩ መነሳት ግድ ነው። የግራው ገንዳ ለቆሸሸ ዕቃ፣ የቀኙ ለታጠበ ነው። ዶክተሩም ቢሆን የቆሸሸ ጉጠት በቀኙ ገንዳ ካስቀመጠ ከግልምጫዋ አያመልጥም።

ስሟን የሚጠራ የለም። ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ ጠቁሯል» ነው የሚላት። የጥርስ መንቀያው፣ መስታወቱና መፋቂያው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በከረጢት ታሽጎ አውቶክሌቭ የሚሉት የእንፋሎት ማሽን ውስጥ ይገባል። አብራው ጣት የምታህል ወረቀት ትገባለች። ሙቀቱ በቂ ከሆነ በወረቀቷ ላይ ያለው ነጭ ጭረት ይጠቁራል፤ ካልሆነ አመድ መስሎ ይወጣል። እንግዲህ በዚያ ክፍል ነጭ ማለት ቆሻሻ፣ ጥቁር ማለት ንጹሕ ነው። እሷም ማሽኑን በከፈተች ቁጥር በሩን ገርበብ አድርጋ «ጠቁሯል» ትላለች።

አንድ ቀን አፋቸውን ከፍተው የተኙ ሽማግሌ ይህን ሰምተው ከወንበሩ ቀና አሉ።

«ዶክተር፣ የኔ ጥርስ ነው?»

«የእርስዎማ ከጠቆረ ሰነበተ፣ አባባ። የዕቃው ነው» አላቸው።

ከዚያ ወረቀቷን መዝገቡ ላይ ትለጥፋለች፣ ቀንና ሰዓት ትጽፋለች፣ ትፈርማለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ፈርማለች። እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ ከዚያ ፊርማ ሌላ የምትኮራበት ነገር አላየሁባትም። «ሰው አፉን ከፍቶ የሚተኛው በኔ ፊርማ ነው» ትል ነበር። ትንሽ ታካብዳለች እል ነበር፣ በሆዴ።

አንድ ጠዋት የማሽኑ በር ጎማ ተሰነጠቀ። እንፋሎቱ እንደ ወሬ በስንጥቁ ሾለከ። ወረቀቷ አመድ መስላ ወጣች። ደግማ ቀቀለች፤ ያው ነው። ወደ ዶክተሩ ሄደች።

«ዶክተር፣ አልጠቆረም።»

«ጎማው ታዟል፣ እትዬ። እስኪመጣ መድኃኒት ውስጥ ዘፍዝፊው።»

«መዘፍዘፉ ማሽኑን አይተካም እኮ። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ ልዝጋው? ውጭ የተቀመጠውን ሰው አይተሻል?»

አይታለች። ጉንጩ ያበጠ፣ በሻርፕ መንጋጋውን ያሰረ፣ ልጁን ታቅፎ የሚወዛወዝ። ተመልሳ ዘፈዘፈች። መዝገቡ ላይ ግን ወረቀቷን ለጥፋ «አልጠቆረም» ብላ ጻፈችና ፈረመች። በማግስቱም እንዲሁ። ሃያ ሦስት የሥራ ቀን አለፈ። ከመሃሉ አንዱን ቀን፣ ወር በገባ በአሥራ አራት፣ ወንድሟን ቀበረች። ክሊኒኩ ያን ቀን ተዘጋ፤ ዶክተሩም መቃብር ድረስ መጥቶ ከጎኗ ቆመ። በቀሩት ቀኖች ሁሉ ሳታጓድል «አልጠቆረም» ስትል ጻፈች። አፏን ዘግታ በእጇ ተናገረች ማለት ነው። አንድ ቀን የሚያነብ ሰው ይመጣል ብላ ተጽናናች።

የመጣው ደብዳቤ ነው። ተቆጣጣሪ በሦስት ቀን ውስጥ ክሊኒኩን ያያል ይላል። ሃያ ሦስት ቀን በመርከብ ሲመጣ የከረመው ጎማ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከሁለት መንገድ ማዶ ካለ ሱቅ ተገኘ።

ጎማው በተገጠመ በማግስቱ ዶክተሩ አዲስ መዝገብ ይዞ ክፍሏ ገባ። ሌላ መቀመጫ ስለሌለ ማሽኑን ተደግፎ ቆመ።

«እትዬ፣ ያለፈውን ወር እዚህ ላይ ትገለብጪልኛለሽ። ንጹሕ አድርገሽ።»

«ንጹሕ አልነበረማ።»

«እሱን እኔና አንቺ እናውቃለን። ክሊኒኩ ቢታሸግ ሜዳ ላይ የምወድቀው እኔ ብቻ ነኝ? የእህትሽን ልጅ አስቢ።»

የእህቷ ልጅ እንግዳ መቀበያው ላይ ቀጠሮ የምትመዘግበው ናት። እናቷ ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አክስቷ አሳደገቻት፣ አስተማረቻት፣ ዶክተሩን ደጅ ጠንታ ሥራውን አስገኘችላት። ያን ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ ልጅቷ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«አክስቴ፣ ምን ሆነሽ ነው የምትግደረደሪው? ጎማው ተቀይሯል። ያለፈው አለፈ። ወረቀት እኮ ነው።»

«ወረቀትማ ነው።»

«በቃ ታዲያ።»

አክስቷ ስልሳ ዘጠኝ ወረቀት ቆጥራ በአንድ ጊዜ ማሽኑ ውስጥ ከተተች። ሁሉም እኩል ጠቁረው ወጡ። ከዚያ ተቀምጣ ለጠፈች፣ ጻፈች፣ ፈረመች፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ቀን በቀን። ውሸት ያልለመደ ሰው ሲዋሽ ቀን አይዘልም። ስትጨርስ አሮጌውን መዝገብ ዶክተሩ ወስዶ የእህቷ ልጅ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ተቆጣጣሪዋ መነጽር ያደረገች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ጓንቱን አየች፣ የመርፌ መጣያውን ሣጥን ከፍታ አየች፣ የማሽኑን ጎማ በጣቷ ዳሰሰች። መዝገቡን ስትገልጥ ፈገግ አለች።

«እናቴ፣ የእጅ ጽሑፍዎ ያምራል።»

ከዚያ መዝገቡን ይዛ እንግዳ መቀበያው ጋ ሄደች፤ ሁሉም ተከተሏት። የቀጠሮውን መዝገብ አስመጥታ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። ጣቷ በቀኖቹ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ፤ አሥራ አራት ላይ ሲደርስ ቆመ።

«በዚህ ቀን አንድም በሽተኛ አልገባም። እርስዎ ግን ሦስት ጊዜ ቀቅለዋል። ምን ቀቀሉ?»

እትዬ መዝገቡን ጎንበስ ብላ አየችው። የራሷ ፊርማ ነው፣ ሦስት ቦታ።

«ያን ቀን ወንድሜን ስቀብር ነበር» አለች።

«ይህንን ማን ፈረመው ታዲያ?»

«እኔ።»

ተቆጣጣሪዋ ወደ ዶክተሩ ዞረች። ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ በሽተኛ ላይ ነኝ የምውለው። መዝገቡን አምኜ የሰጠሁት ለእሷ ነው። እንዲህ ታደርጋለች ብዬ…» ቀሪውን በራስ መነቅነቅ ጨረሰው።

«ሌላ መዝገብ አለ» አለች እትዬ። «እውነቱ እሱ ላይ ነው። ማሽኑ ተበላሽቶ ሃያ ሁለት ቀን አልጠቆረም። በዚያ ዕቃ የታከሙ ሰዎች ተጠርተው መመርመር አለባቸው።»

«የምን መዝገብ?» አለ ዶክተሩ።

እሷ የእህቷን ልጅ አየች። ተቆጣጣሪዋም ተከትላ አየቻት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተፈረመው ሁሉ እውነት ነበር ወይስ እንዲህ በአንድ ቀን የተለጠፈ፣ መልሱ በዚያች ልጅ አፍ ላይ ቆመ።

«አንቺ ሌላ መዝገብ አይተሻል?»

ልጅቷ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። ጉልበቷ መሳቢያውን ነካ።

«እኔ የማውቀው የቀጠሮውን ብቻ ነው» አለች።

ክሊኒኩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። እሷ «ሐሰተኛ መዝገብ በማዘጋጀት» ተብላ ከሥራ ተሰናበተች። ደብዳቤው አራት መስመር ነው፤ ታይፕ ያደረገችውም የእህቷ ልጅ ናት። የተጠራ በሽተኛ የለም። ያኔ ልጁን ታቅፎ ሲወዛወዝ የነበረውን ሰው ገበያ ውስጥ አይታው መንገድ ቀይራ እንደሄደች ነግራኛለች። ምን ልትለው?

ከተሰናበተች በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ልጅቷ አክስቷ ቤት መጣች። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ልነሳ ስል አክስቷ በዓይኗ ተቀመጪ አለችኝ።

«አክስቴ፣ ሁለታችንም ከምንወጣ አንዳችን ብንተርፍ ብዬ ነው።»

«ገብቶኛል።»

«ተቀይመሽኛል።»

«ምን ልትይ ነው የመጣሽው?»

ልጅቷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አገላበጠች።

«ሌላ ሰው እስኪቀጠር ከሰኞ ጀምሮ ማሽኑን እኔ ልይዝ ነው። ምንም አላውቅም። ታሳዪኛለሽ?»

በሩን ታሳያታለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ተነስታ ሁለት የፕላስቲክ ሳፋ አመጣች፤ ማንኪያና ሹካ፣ የፀጉር መቆንጠጫ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ደረደረች። ብሩሹ ውኃ ውስጥ ሆኖ ነው የሚፈትገው፣ ወደ ዓይን እንዳይረጭ። ጉጠት ማጠፊያው ተከፍቶ ነው የሚታጠብ፣ ደም የሚደበቀው እዚያ ነውና። እርጥብ ዕቃ ከረጢት ይቀድዳል። ልጅቷ በቆሸሸ ጓንት የታጠበ ማንኪያ ስትነካ እጇን መታቻት፣ በሕፃንነቷ ትመታት እንደነበረው። ልጅቷ ጓንቱን ለወጠች። ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፈች፤ ቁጥር እየሰጠች።

«ሳይጠቁር ሲቀርስ» አለች በመጨረሻ፣ «ምን ብዬ ልጻፍ?»

አክስቷ ማንኪያዎቹን አንድ በአንድ እያደረቀች ነበር። አላቆመችም።

«እኔ ዕቃ ማጠብ ነው የማውቀው» አለች። «መጻፉን ከእኔ አትማሪ።»

ልጅቷ ሌላ ነገር እንደማይመጣ ሲገባት ደብተሯን ዘግታ ሄደች።