ሽቦ የሌለው ሦስተኛ ቀዳዳ

በኮሮና ጊዜ ከቤት መውጣት ሲከለከል የምንኖረው ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን ከተማ ውስጥ፣ ነጮች ድሮ በሠሩት አሮጌ ቤት ነበር። መንገዱ ጭር ከማለቱ የተነሳ ከተማዋ ሕልም የምታይ ትመስል ነበር። ልጄ በባዶ እግሯ ወለል ስትወለውል፣ «አባዬ፣ ፍሪጁ ይነዝረኛል» ትለኝ ነበር።

«አንቺን የሚነዝርሽ ሥራ ነው» እላታለሁ። ስንፍና በልጅነት መነቀል አለበት ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም አምናለሁ።

አንድ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ስለተዘጋ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ተከታተልን። ሳሎኑን እንደ መቅደስ ቆጥረን ጫማችንን አወለቅን። የጠዋቱ ብርሃን ልጄ በወለወለችው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተኝቷል፤ ዜማው በላዩ የሚንሳፈፍ ይመስላል። የፍሪጁ በር ገርበብ ብሎ ነበርና ልዘጋው እጀታውን ያዝኩ። ክንዴን እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ።

ፍሪጁ የተሰካበትን ሶኬት፣ ሥራውን በራሴ ተምሬ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛው ቀዳዳ፣ የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው የመሬት ሽቦ እንደሌለው አይቼ፣ «በአገራችን በሁለት ሽቦ ኖረናል» ብዬ ዘግቼው ነበር። እኔ ቤት ውስጥም ጫማ ስለማላወልቅ እስከዚያ ቀን ነዝሮኝ አያውቅም።

«ልጄ፣ እውነትሽን ነው። ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት።

«ሌሎቹ ሶኬቶችስ?» አለችኝ።

ሁሉም የእጄ ሥራ ነበሩ። ቆጣሪው ጋ ሄጄ የቤቱን መብራት በሙሉ አጠፋሁ፤ ቅዳሴውም መሃል ላይ ተቋረጠ።