ለእንግዳ ሲባል የተነሳችው ሴት

ባለፈው ሳምንት ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ ደወሌ ከተማ ያለው መሥሪያ ቤታችን ቀለም ሲቀባ ሰነበተ። ከላይ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ነው። ሙቀቱ የቀለሙን ሽታ በየመስኮቱ እየገፋ ሲያስገባብን፣ የሥራ ባልደረቦቼ አፍንጫቸውን በሻርፕ ሸፍነው ሥራቸውን ቀጠሉ። እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ። አላመመኝም። ለእንግዳ ተብሎ የተቀባ ግንብ ሲሸተኝ ንዴቴ ይነሳል፤ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ጅጅጋ የተማርኩበት የካቶሊክ ትምህርት ቤት ረጅም፣ ግራጫ የግንብ አጥር ነበረው። ከሰዓት በኋላ ከበሩ በስተግራ ጠባብ ጥላ ይጥላል። እዚያች ጥላ ውስጥ አንዲት ሴት ትቀመጥ ነበር፤ በግመል ወተት የተፈላ ሻይ በፔርሙስ፣ ሳምቡሳ ክዳን ባለው ባልዲ ይዛ። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ስምንተኛ ክፍል ያለነው ልጆች በሙሉ «ሆዮ» እያልን ነበር የምንጠራት። በሱማሊኛ እናት ማለት ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያው ሆዮ ነበር የሚላት።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ደወሉ ሲደወል ወላጆቻችን በሰዓቱ አይመጡም። የቢሮው ሰው ስብሰባ ላይ ነው፣ ነጋዴው ዕቃ እያራገፈ ነው። ሆዮ ትንንሾቹን ከግንቡ ሥር በተርታ ታስቀምጣቸዋለች። የማን ልጅ በየትኛው ባጃጅ እንደሚሄድ፣ ሾፌሩ ማን እንደሆነ ታውቃለች። «ይሄ ያንቺ ባጃጅ አይደለም፤ ተቀመጪ» ስትል እስከ ዛሬ ይሰማኛል። የጅጅጋ ንፋስ አቧራውን ይዞ ሲመጣ ሰፊ ነጠላዋን ታወርድና ሦስት አራቱን አንድ ላይ ትሸፍናቸዋለች። እኔም አባቴ ከቢሮ እስኪወጣ ድረስ ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል እዚያ ነጠላ ሥር ነው ያደግኩት። የወተትና የጭስ ሽታ ነበረው።

ትምህርት ቤቱ ደግሞ «የቤተሰብ ድጋፍ ኮሚቴ» የሚባል ነገር ነበረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱን ያስከፍትና ለስላሳ እየጠጣ ይሰበሰባል። ክርስቲያንም ሙስሊምም ነበረበት፤ በከንቱነት ግን ምንም ልዩነት አልነበራቸውም። ሊቀመንበሩ ሲሚንቶና ብረት የሚነግድ፣ ሳቁ ሳል የሚመስል ሰው ነው። አፉን ሲከፍት «እኛ እንደ አንድ ቤተሰብ» ብሎ ነው የሚጀምረው። አንደኛ ክፍል የምትማር ሴት ልጅ ነበረችው፤ ከሆዮ አጠገብ ሁልጊዜ መጨረሻ የምትቀረው እሷ ነበረች። የኮሚቴው ጸሐፊ ደግሞ እናቴ ናት። የእጅ ጽሑፏ ያምራል። ሌላ ምን እንደጻፈች አላውቅም።

ስምንተኛ ክፍል ስደርስ፣ ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ከመዝጋቱ ጥቂት ወራት በፊት፣ ሁለት መማሪያ ክፍል ሊያሠራልን የሚችል የእርዳታ ድርጅት ሰው ሊጎበኘን ነው ተባለ። ኮሚቴው ያን ጊዜ ነቃ። ግራጫው ግንብ ሰማያዊ ተቀባ፤ ከታች ደግሞ ነጭ መስመር ተሰመረለት። የተሰበረው የሽንት ቤት በር እንደተሰበረ ነበር፣ እሱ ከመንገድ አይታይም።

ቀጥሎ የታያቸው ሆዮ ነበረች። እናቴ እራት ላይ እየሳቀች ነው ያወራችን። ሊቀመንበሩ «ሴትየዋ ከነባልዲዋ ፎቶውን ታበላሽብናለች» ብሏል። ርዕሰ መምህርቷ ሲስተር ተቃውመው ነበር፤ ሴትየዋ ለልጆቹ ከኮሚቴው ይልቅ ትቀርባለች ብለዋቸዋል። እናቴ ይህን እንደ ቀልድ ነው የነገረችን። ሲስተር ግን ሁለት ክፍል ተማሪ ባንድ ጣራ ሥር አጭቀው የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ፤ የአንድ ቀን ነገር ነው ሲሏቸው እሺ አሉ። የምስጋናውን ንግግር የማነብ ተማሪ ደግሞ እኔ ሆኜ ተመረጥኩ። ጽሑፉን የጻፈችው እናቴ ነበረች።

የእንግዳው ቀን ጠዋት ንግግሬን ለመለማመድ ቀደም ብዬ ስደርስ ሆዮ በሩ ላይ ቆማለች። ዘበኛው፣ ድሮ ወታደር የነበሩ ሽማግሌ፣ መሬት መሬቱን እያዩ ያናግሯታል።

«እኔ ግንቡን አልነካም» አለቻቸው። «ጀርባዬን እንኳን አላስደግፍም።»

«አውቃለሁ እህቴ። ታዝዤ ነው» አሏት።

ባልዲዋን አነሳች። ስታየኝ ፈገግ አለችልኝ። እኔ ወረቀቴን ይዤ ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ የተተከለው ድንኳን ሞላ። የአንደኛ ክፍል ልጆች ክፍላቸው ለእንግዳው መስተንግዶ ስለተፈለገ ከሌላው ቀን ቀድመው ተለቀቁ። የለቀቃቸው ሰው ሆዮ በር ላይ እንደሌለች አላሰበም። ያቺ ሴት እዚያ ምን ትሠራ እንደነበር ከልጆቹ በቀር ማንም አስቦት አያውቅም።

ሊቀመንበሩ ተነስቶ «በዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድም ልጅ ብቻውን አይደለም» እያለ ነው። እኔ ተራዬን እየጠበቅኩ ከመድረኩ ጎን ቆሜያለሁ። ተጨብጭቦለት ሲወርድ የሱ የቤት ሠራተኛ እየሮጠች መጣች። ሕፃኗን ልትወስድ መጥታ ልጅቷ የለችም። ክፍል የለችም፣ በር ላይ የለችም፣ መንገዱ ላይም የለችም። ላብ አጥምቋታል። ሊቀመንበሩ ወደ እንግዳው በኩል ፈገግ እንዳለ፣ ጥርሱን ሳይከድን፣ «ድምፅሽን ሳታሰሚ ፈልጊ» አላት።

ልጁ ናት የጠፋችው። በዚያ በር ፊት ወደ ቶጎ ጫሌ ድንበር የሚሄዱ ከባድ መኪኖች ያልፋሉ።

ሠራተኛዋ ወደ ሲስተር ሄደች። ሲስተር እስክትጨርስ አልጠበቁም። ከእንግዳው ጎን ካለው ወንበር ተነስተው፣ ይቅርታ እንኳን ሳይሉ፣ ድንኳኑን መሐል ለመሐል አቋርጠው በበሩ ወጡ። የዚያን ቀን ሰው ሆኖ የተገኘ ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው።

እኔ ግን ተጠራሁና ወጣሁ። «እንደ ዓይናቸው ብሌን ለሚጠብቁን የኮሚቴ አባላት» የሚለውን ጭምር አንድ ቃል ሳልዘል አነበብኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ እንዲያውም ጥሩ አንባቢ ነበርኩ። ኮሚቴውን እንደምንቅ እያወራሁልሽ ነው፤ ከሁሉም አብልጬ የምንቃት ግን ያቺን ወረቀት ይዛ የቆመችውን ልጅ ነው።

ጭብጨባው ሳያልቅ በሩ ተከፈተ። ሲስተር ገቡ፤ አጠገባቸው ሆዮ ሕፃኗን አዝላ። ልጅቷ የለመደቻትን ሴት ከበሩ ስታጣት ፍለጋ ወጥታ፣ ሁለት መንገድ ተሻግራ እስከ ወተት ገበያው ደርሳ ነበር። አንድ እግሯ ላይ ጫማ የለም። ፊቷ በእንባና በአቧራ ጭቃ ሆኗል። የሆዮን ነጠላ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች።

የፎቶ አንሺው ካሜራ ወደነሱ ዞረ። ሊቀመንበሩም ከካሜራው ጋር ዞረና እጁን ዘርግቶ እየሳቀ ሄደ። እንግዳው እናቴን ሴትየዋ ማን እንደሆነች ጠየቃት፤ አስተርጓሚዋም እናቴ ነበረች። «የቤት ሠራተኛቸው ናት» ብላ በእንግሊዝኛ መለሰችለት። እንግዳው ደስ ብሎት ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ሆዮ የተባለውን አላወቀችም። እኔ አውቄያለሁ።

ልጅቷ አልወርድም አለች። አባቷ ጣቶቿን ከነጠላው ላይ አንድ ባንድ ማላቀቅ ጀመረ፤ ሲቸግረው ጊዜ ለሆዮ «በቃ፣ አመሰግናለሁ፣ አሁን ሂጂ» አላት። ሆዮ ልጅቷን አወረደቻት፤ ነጠላውን ግን አልቀማቻትም። ለልጅቷ ትታላት፣ ራሷ ላይ ባሰረችው ሻሽ ብቻ ወጥታ ሄደች።

ማታ እናቴን ለምን እንዲያ እንዳለች ጠየቅኳት። ሳህን እየሰበሰበች ነበር። «ታዲያ ምን ልበለው? ሻይ ሻጭ ልጃችንን ፈልጋ አመጣችልን ልበለው?» አለችኝ። መልስ ያላት መስሏት ነበር። አሁንም ይመስላታል። ሰሞኑን ደውላ፣ የመሥሪያ ቤታችን እንግዳ ሲመጣ ከፊት እንድቆም መክራኛለች።

ሁለቱ ክፍሎች አልተሠሩም። ሰማያዊውን ቀለም ንፋሱና አቧራው በአንድ ዓመት ውስጥ ልጠው ጨረሱት። ሊቀመንበሩን በቅርቡ ስልኬ ላይ አየሁት፤ የሌላ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ፣ ሌላ አዲስ የተቀባ ግንብ ፊት ቆሞ ይስቃል።

ሆዮ ወደ በሩ አልተመለሰችም። ሲስተር በዘበኛው በኩል ሁለት ጊዜ አስጠርተዋት ነበር፤ ግንቡ ይቆሽሻል ብላ መልሳለች አሉ። ከዚያ ኮሮና መጣና ሁላችንም ተበተንን። ትምህርት ቤት ሲከፈት እኔ ሌላ ቦታ ገብቼ ነበር፤ እሷም ድሬዳዋ አጠገብ ወዳለችው ሽንሌ፣ ወደ ዘመዶቿ ሄዳለች ተባለ። እውነት ይሁን ውሸት አላረጋገጥኩም።

አንድ ጊዜ ግን አግኝቻታለሁ። ያ ቀን ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ ወተት ገበያው ድረስ ሄድኩ። በላስቲክ ዳስ ሥር ተቀምጣ ነበር። ይቅርታ ልጠይቃት ሄጄ ሳልጠይቃት ቀረሁ። ጄሪካን ገልብጣ አስቀመጠችኝ፣ ሻይ ቀዳችልኝ። ስለ እንግዳው ቀን አንድ ነገር አላነሳችም። ስለ ትንንሾቹ ጠየቀችኝ፤ በየስማቸው፣ የሚያስለው ድኖ እንደሆነ፣ የዚያኛዋ እናት ወልዳ እንደሆነ።

ከዚያም፣ «አሁን ከነሱ ጋር ማን ይቀመጣል?» አለችኝ።

ከመምጣቴ በፊት አይቻቸው ነበር። በአቧራው ውስጥ የበሩን ብረት ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ለየብቻቸው ቆመዋል።

«ሲስተር» አልኳት። «ሲስተር በየቀኑ ይቀመጣሉ።»

ትከሻዋ ላላ። «አልሐምዱሊላህ» አለች። ሻዩን ጨምራ እየቀዳችልኝ፣ «ትልቅ ሰው ናቸው። መሬት አይቀመጡ፤ ወንበር አውጡላቸው» አለችኝ።

«እሺ ሆዮ» አልኳት።