ቅቤ የተቀባው ካቴና

ባለፈው ጥር፣ እዚህ ወልቂጤ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ሙሽሮች ፎቶ ሲነሡ አየሁ። ፎቶ አንሺዎቹ ሁለት ሰው የሚነዳት ብስክሌት በሪባን አስጊጠው አምጥተዋል። ሙሽራው ከፊት፣ ሙሽሪት ቬሏን ሰብስባ ከኋላ ተቀመጡ። ሚዜዎች ይገፏቸዋል፣ እሷ ትስቃለች። ጎረቤቴ ስለ ቀሚሱ ታወራኛለች። የእኔ ዓይን ግን ወደ ታች ነበር የሄደው። የብስክሌቷ ካቴና ዝጓል፤ ላልቶም ተንጠልጥሏል። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፣ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ቢሆንም ቆሜ ማየት አልቻልኩም። ወደ ቤት ገባሁ።

ልጅ ሆኜ የምንኖረው ቡታጅራ ነበር። አባቴ በክሊኒክ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ ድሬሰር ነበር፤ ከወሎ ተመድቦ መጥቶ በዚያው ቀረ። ሰዉ «ዶክተር» ይለዋል፤ እሱም ማረሙ ሰልችቶት ትቶታል። የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም ነው፤ ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሼ ክረምቱን ቤት ነበርኩ። ከውጭ አገር መጥተው ያስተምሩ የነበሩ ባልና ሚስት አገራቸው ሲመለሱ እንደ ሙሽሮቹ ያለች የሁለት ሰው ብስክሌት ለአባቴ ትተውለት ሄዱ። ሁለት ካቴና አላት። አንደኛው የፊቱን ፔዳል ከኋላው ፔዳል ያያይዛል፣ ሌላኛው የኋላውን ጎማ ያዞራል። ከባድ ስለሆነች ብቻውን አይነዳትም። ገጠር ሲጠራ፣ ትምህርት በሌለበት ጊዜ፣ ከኋላ ተቀምጬ የምረግጠው እኔ ነበርኩ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው መንገድ አያይም፤ የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ነው። የአባቴ ቡኒ ኮት የት የት እንደተጣፈ እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ።

በገበያው በኩል ስናልፍ ጎረምሶች ዝም አይሉንም ነበር።

«ዶክተር፣ ከሁለታችሁ ማን ነው የሚነዳው?»

«እሷ ናት እንጂ! እሱማ መሪ ጨብጦ ሽርሽር ላይ ነው!»

አባቴ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ያልፋል። እኔ አንገቴን እደፋለሁ። ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ መውጣቷ ራሱ ለከተማው ወሬ ነበር።

የእጅ ፍሬኑ ላስቲክ አልቆ ምትክ ጠፍቶለታል። የቀረን ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት ጎማውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የሚሠራው በካቴናው ነው፤ ካቴናው ከወለቀ ፍሬን የለም። ስለዚህ አባቴ ካቴናዎቹን እንደ መርፌዎቹ ይጠነቀቅላቸው ነበር። አውልቆ ላምባ ውስጥ ይዘፈዝፋቸዋል፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጋቸዋል፣ ሽቦ ላይ ሰቅሎ ያደርቃቸዋል። ከዚያ በየመገጣጠሚያው ዘይት ጠብ ያደርግና ትርፉን በጨርቅ ይጠርጋል። «ስትነኪው እጅሽ ላይ ከቀረ በዝቷል ማለት ነው» ይለኝ ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ሰሞን፣ ካቴናዎቹን አጥቦ ከሰቀለ በኋላ የዘይት ቆርቆሮውን ቢያጋድለው ባዶ ሆነ። የተቃጠለ ዘይት የሚያመጣለት የጭነት መኪና ሾፌር በጭቃው ምክንያት ከመጣ ሰንብቷል። ልብስ ሰፊዎቹም የስፌት መኪና ዘይታቸውን ሰስተው ይዘውታል። «ካልተገኘ ይደር፤ በደረቁ አይነዳም» ብሎ ወደ ክሊኒኩ ሄደ።

የቤታችን ባለቤት እትዬ ረህማ ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ግቢው አንድ ስለሆነ ሁሉን ታያለች። እሷ ቤት ቅቤ የማይገባበት ነገር የለም፤ ለራስ ምታት ቅቤ፣ ለአራስ ቅቤ፣ ለተሰነጠቀ ተረከዝ ቅቤ፣ ሲጢጥ ለሚል የበር ማጠፊያም ቅቤ ነው። እኔ ወንዝ ልብስ ላጥብ ወርጄ ስመለስ ካቴናዎቹ ቢጫ ሆነው አገኘኋቸው። እትዬ ረህማ ጣቷን በእንሰት ቅጠል እየጠረገች ፈገግ አለች።

«አባትሽ ዘይት ጠፋ ብሎ ሲያዝን ሰማሁት። እኔ እያለሁ! ለጋ ነው ደግሞ፣ የትናንት።»

አባቴ ለምሳ ሲመጣ አየው። አየኝ። ላምባውን አንሥቶ እንደገና ሊያጥብ ጎንበስ እንዳለ አንድ ሰው እያለከለከ ገባ። የዘሀራ ባል ወንድም ነበር። ዘሀራ የእትዬ ረህማ ልጅ ናት፤ እስከ ሰባተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተምረናል፣ ባለፈው ዓመት ወደ እንሴኖ በሚወስደው መንገድ ካለ ሰፈር አግብታ ሄዳለች።

«ወለደች» አለ ሰውየው። «ልጁ ደህና ነው። ደሙ ግን አልቆም አለ።»

እትዬ ረህማ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ያ ረቢ፣ አንድ ናት! ዶክተር፣ አንድ ናት!»

በዚያ ሰዓት መኪና የለም። ፈረስ ይፈለግ ቢባል ጊዜ ይፈጃል። አባቴ ላምባውን አስቀመጠና ካቴናዎቹን እንዳሉ ገጠማቸው። ሲገጥም እጁ ሲያዳልጠው አይቻለሁ። እናቴ «በዚህ ነገር ልጄን አትጭናትም» አለች። እሱም መለሰላት፤ «ብቻዬን አልደርስም።» የመድኃኒቱን ቦርሳ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። «ብትወድቂ እንኳ ቦርሳው ከላይሽ ይሁን» አለኝ።

መጀመሪያ ላይ ደህና ሄድን። ከዝናቡ በኋላ የበርበሬው ማሳ አረንጓዴ ነው፤ ከየደጁ የበቆሎ እሸት ጥብስ ይሸታል። እየቆየ ግን የመንገዱ አሸዋና ገለባ ቅቤው ላይ እየተለጠፈ፣ ካቴናው እንደ አሮጌ ወፍጮ መንጫጨት ጀመረ። በየመሀሉ ጥርሱን ስቶ ቋ! ይላል፤ ያኔ እግሬ ባዶ ይረግጣል። ከዚያ ውሻ መጣ። አንድ ነበር፣ ከዚያ ከየግቢው ተጨመሩ። የፀሐዩ ሙቀት ቅቤውን አቅልጦ ሽታው እስከ የት እንደደረሰ እንጃ። ትንፋሻቸው ባቴ ላይ ይሰማኛል።

«አስቴር፣ አትዪአቸው። እርገጪ» አለ አባቴ፣ ሳይዞር።

ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ወደ ኋላ ረገጥን። ለአፍታ ያዘ። ከዚያ ካቴናው ቋ ብሎ ወለቀ፤ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር እንደ ልቡ ዞረ። ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ከፊቴ ያለው ጀርባ ብቻ ነው፣ ከዚያ ጀርባ ወዲያ ምን እንዳለ አላየሁም። እስከ ዛሬ ከምንም በላይ የሚያስፈራኝ ያ አለማየቴ ነው። አባቴ «እግርሽን አንሺ!» አለና መሪውን ወደ ጎን ጠመዘዘው። እንሰት ውስጥ ገባን።

ቅጠሉ ሰፊ፣ ግንዱም ለስላሳ ነው፤ አልተሰበርንም። በጀርባዬ ወድቄ ቦርሳውን ደረቴ ላይ አቅፌዋለሁ። ቀና ስል ውሾቹ ብስክሌቷን ከበዋታል። እኛን ዘወር ብለው አላዩንም፤ ካቴናውን ይልሱ ነበር። አባቴ እጁን ሲሰድ ትልቁ ጥርሱን አሳየው። ሁለተኛም ሞከረ፤ ሊነክሰው ተወረወረ።

አባቴ ላቡን ጠረገ። «ስፒሪቱን አቀብዪኝ» አለ።

መርፌውንና እጁን የሚያጸዳበት ነው፤ ያለን አንድ ጠርሙስ። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሣና ለካው፤ ከዚያ ከፊሉን ካቴናው ላይ አርከፈከፈው። ውሾቹ እያስነጠሱ ሸሹ። በጥጥና በመሐረቡ ቅቤውን ጠራርጎ ካቴናውን ጥርሱ ላይ መለሰው። ከዚያ በደረቅ ካቴና፣ ቁልቁለቱን በእግር ሜዳውን በብስክሌት፣ የቀረውን መንገድ ጨረስን። ውሾቹ ራቅ ብለው እየጮሁ እስከ ዘሀራ ደጅ ተከተሉን።

ዘሀራ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ተጋድማለች። ዓይኗ ክፍት ነው፣ አላወቀችኝም ግን። አማቷ ሕፃኑን ታቅፋ ጥግ ላይ «አላህ፣ አላህ» ትላለች። አባቴ መርፌውን ወጋት፣ ከዚያ ሆዷን በእጁ ጫን እያለ ማሸት ያዘ። «እጇን ያዢ፣ አናግሪያት» አለኝ። ምን ብዬ ላናግራት? እጇ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። የትምህርት ቤት ወንበራችን እግሩ እንደተሰበረ፣ ጠግነው እንደሰጡን ነገርኳት። ደጋግሜ ነገርኳት። እያወራሁ የምትሞትብኝ መስሎኝ ነበር።

እናቷ በእግሯ ሮጣ ስትደርስ ደሙ ቀንሶ ነበር። ሲመሽ ዘሀራ ውኃ ጠየቀች።

በማግስቱ ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ «ለረህማ ስለ ቅቤው ምንም እንዳትዪያት» አለኝ። ሳምንት ሳይሞላ እትዬ ረህማ ጉልበቱን ስማ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ትልቅ ቅቤ አስቀመጠችለት። «ግማሹ ለናንተ፣ ግማሹ ለብስክሌቷ» አለች። አባቴ ተነሥቶ በሁለት እጁ ተቀበለ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አባቴም እትዬ ረህማም ካለፉ ቆይተዋል። ከዘሀራ ጋር ለቅሶና ሠርግ ላይ እንገናኛለን፤ ስለዚያ ቀን አንሥተን አናውቅም ነበር። ሙሽሮቹን ካየሁ በኋላ ግን ቡታጅራ ሄጄ ቤቷ ገባሁ፤ ስለ ቅቤውም ስለ ውሾቹም ነገርኳት። እናቷን እንዳላሳጣ ፈርቼ ቀስ ብዬ ነበር የጀመርኩት። አልሳቀችም።

«ውሾቹን እኮ ሰምቻቸዋለሁ» አለችኝ። «ጆሮዬ ብቻ ነበር የቀረኝ። ከሩቅ መጮህ ጀመሩ፣ ከዚያ እየቀረቡ መጡ። በዚያ ሰዓት ውሻ የሚያስጮህ ከሆነ እንግዳ ሰው ነው፣ እንግዳ ከሆነ ዶክተር ነው አልኩ። እስኪደርሱ ዓይኔን አልከድንም ብዬ ቆየሁ።»

ያ ጩኸት ከኋላዬ ሲሰማኝ ሞት የተከተለኝ መስሎኝ ነበር፤ ስሸሸው ስሸሸው ኖሬያለሁ። ለእሷ ከፊቷ ነበር የሚመጣው። የያኔው ሕፃን ሽማግሌ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ በር ላይ ቆሞ «እማዬ፣ እንግዳዋን አታቆዪያት፣ የወልቂጤው መኪና ሊሄድ ነው» ይላታል። ዘሀራ እጄን ይዛ ነበር። እጇ ሙቅ ነው። መኪናው ይሂድ አልኩ፤ አደርኩ።