ጅረቱ ውስጥ የገባችው አምባዛ

የውሃ ፓምፕ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር፣ ያ ዶሃ፣ ዐይን ኻሊድ ሰፈር የነበረው ግቢ ከነጅረቱ ፊቴ ድቅን ይልብኛል። አባቴ የቤቱ ሹፌር ስለነበር፣ እናቴና እኔም አብረነው በግቢው ጥግ ባለች አንዲት ክፍል እንኖር ነበር። ጅረቱ በፓምፕ እየዞረ በጠጠር ላይ የሚፈስ፣ እኔ ሳልሮጥ የምዘለው ነበር፤ የቤቱ ጌታ ባባ ግን በጣም ይሳሳለት ስለነበር እንዲንከባከበው ለአባቴ አደራ ሰጥቶት ነበር።

ብርዱ ሲገባ ድንጋዮቹ ላይ ቀንድ አውጣና የትንኝ እጭ ይርመሰመስ ነበርና፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ወርውሬ እነሱን ሳይ እውል ነበር። ትንኙ የባባን ሚስት፣ ማዳምን፣ ደጅ ቁጭ ብላ ሻይ አላስጠጣት ሲል፣ የጣና ዳር ልጅ የሆነው አባቴ ማንንም ሳያማክር ጣት የምታህል አምባዛ ገዝቶ ለቀቀበት። እሷም ጠጠሩ ላይ ተጋድማ ጢሟን ከማወዛወዝ በቀር ብዙም አትንቀሳቀስም ነበር።

ሙቀቱ ሲጀምር ድንጋዮቹ ባዶ ሆኑ። ሁሉንም በላቻቸው ብዬ አለቀስኩ። ወዲያው ዝልግልግ ያለ አረንጓዴ ነገር ድንጋዩን ይሸፍነው ጀመር፤ አባቴ ፈግፍጎ ቢያጸዳውም በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣ ነበር።

«ይህን ሹግል ካልቻልክ ኸላስ፣ በቃ፣ ለሥራው ሌላ ሰው አመጣለሁ» አለው ባባ።

ኢቃማችን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ በእሱ ስም ስለነበር እሱ ካባረረን አገር ለቀን መውጣታችን ነው፤ እናቴ ያን ሰሞን እህል አልወርድ አላት።

አንድ ዓርብ፣ በእረፍት ቀናችን፣ አቡ ሃሙር ካለው ቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን፣ ተናድጄ አንዱን ድንጋይ ገለበጥኩት። ቀንድ አውጣዎቹ ከሥሩ ተጣብቀው ተደብቀዋል! ያቺ ጣት የምታክል ፍጥረት፣ የበላችውን በልታ የቀሩትን እዚያ በመኖሯ ብቻ ከምግባቸው፣ ከአረንጓዴው፣ አባራቸዋለች።

«አባዬ፣ አሉ! ፈርተው ነው!»

አባቴ አምባዛዋን በባልዲ አወጣት። ቀንድ አውጣዎቹም በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ላይ ወጥተው አረንጓዴውን እየጋጡ፣ ባለፉበት ሁሉ ንጹሕ መስመር እየተዉ ድንጋዩን አጸዱት።

«ማሻአላህ፣ ጎበዝ!» አለ ባባ።

አባቴ አመስግኖ ዝም ማለት ይችል ነበር።

«ባባ፣ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። ሳልነግርህ ዓሣ አስገብቼበት ድንጋዩን የሚያጸዱትን ቀንድ አውጣዎች አሸሸችብኝ።»

እናቴ ትከሻዬን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። ባባ በነጭ ቀሚሱ ተንበርክኮ አንድ ድንጋይ አነሳ።

«አንዲት ዓሣ ይህን ሁሉ? ሱብሐናላህ!» ብሎ ሳቀ።

ያኔ እኔን የገረመኝ የአምባዛዋ ነገር ብቻ ነበር። ዛሬ እዚሁ ዶሃ፣ ፊሪጅ ቢን ማሕሙድ ሰፈር ተከራይቼ በራሴ ኢቃማ እሠራለሁ። ባለፈው ወር ቢሮ ውስጥ አንድ ትልቅ ሥራ አበላሸሁ፤ ልናገር ብዬ ሁለት ጊዜ አለቃዬ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። አሁን የሚገርመኝ የሦስታችን ኢቃማ በባባ እጅ እያለ ጥፋቱን የተናገረው አባቴ ነው።