ከለቃሚው አውቶቡስ ፊት

ሰኞ ጠዋት ከቤቴ ወደ ምድር የወረድኩት በጀርባዬ ነው። ፊቴን ወደ ደረጃው አዙሬ፣ ብረቱን በሁለት እጄ ጨምድጄ፣ ልክ መሰላል እንደሚወርድ ቀለም ቀቢ። የግቢያችን ጥበቃ ከታች ሆኖ አንገቱን አቅንቶ ሲያየኝ ቆየና «ፖሌ፣ ምዜ» አለኝ። አይዞህ አንተ ሽማግሌ፣ ማለቱ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ሽማግሌ መባሉ ያናድደኝ ነበር። የዚያን ዕለት ግን አንገቴ ላይ የማራቶን ሜዳሊያ አለ። አዎ፣ ወደ ሥራ ነበር የምሄደው። ባለቤቴ ሂሩት «አውልቀው እንጂ፣ ሰው ምን ይልሃል?» ብላኛለች። ሰው እንዲል አይደል እንዴ ያጠለቅኩት?

ሜዳሊያው በየደረጃው ከብረቱ ጋር እየተጋጨ ሲንቃጨል፣ ሐሳቤ ከናይሮቢው ሰፈራችን ከፓርክላንድስ ተነስቶ አዲስ አበባ፣ ቀበና ገባ። ሩጫን የወደድኩትም የጠላሁትም እዚያ ነው።

እኛ ልጆች በነበርንበት ዘመን ሰዓት የሚለካው በምራቅ ነበር። የእኔ እኩያ የሆናችሁ ከአሁኑ ፈገግ ብላችኋል። እማዬ ሱቅ ስትልከኝ ደጃፋችን ላይ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እንትፍ ትልና «ይቺ ሳትደርቅ!» ትላለች። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ቃል የለም። እግሬ እንጂ አፌ አይመልስም። በበጋ ያ ፀሐይ ምሕረት የለውም፤ ገና ድልድዩን ሳልሻገር የምትደርቅ ይመስለኛል። በክረምት ደግሞ እንኳን ቀበና ሱቅ፣ ናዝሬት ደርሼ ብመለስ አትደርቅም። ታላቅ እህቴ አስቴር ስዘገይባት፣ እማዬ ዞር ስትል ጠብቃ ራሷ እንትፍ ትልልኝ ነበር። እግዜር ይስጣት፣ ከስንት ኩርኩም አድናኛለች።

ከምራቁ ሌላ ደግሞ ድንጋዩ አለ። የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ስኳር መጣ ከተባለ፣ ከሰፈር ልጅ ሁሉ ቀድሜ በርሬ ድንጋይ ማስቀመጥ የእኔ ሥራ ነው። ያኔ ወረፋ የሚይዘው ሰው ሳይሆን ድንጋይ ነበር። «ይቺ እትዬ ዘነበች ናት፣ ያቺ ትልቋ ጋሽ በቀለ ናቸው» ይባላል፤ ጋሽ በቀለን በእግሩ ገፋ ያደረገ ሰው ጠብ ይነሳበታል። የእኛን ድንጋይ ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቁልቁል ስወርድ ኪሴ ጭኔን እየመታኝ፣ የላምባውና የሳሙናው ሽታ ከሱቁ ወጥቶ መንገድ ላይ እየተቀበለኝ፣ ነፋሱ ጆሮዬ ውስጥ እያፏጨ... ምን ልበላችሁ፣ የምከንፍ ነበር የሚመስለኝ። ማንንም ልቀድም አልነበረም የምሮጠው፤ ለመድረስ ብቻ ነበር።

ይሄን ደስታ ያበላሸው አባዬ ነው፤ በፍቅር። ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ደግሞ ከልብስ ይልቅ ወሬ ነው የሚሰፋው። «የኔ ልጅ እኮ እግሩ መሬት አይነካም» ሲል ከረመ። ስድስተኛ ክፍል ስደርስ በትምህርት ቤታችን የስፖርት ቀን እንደምሮጥ ሰማና አዲስ ሸራ ጫማ ገዛልኝ። «ያድግበታል» ተብሎ በሁለት ቁጥር በልጦ የተገዛ ነው። ከፊትም ከተረከዝም ጥጥ ጠቀጠቅንበት። አባዬ የዚያን ቀን ሱቁን ዘግቶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ።

እኔ የማውቀው ፍጥነት አንድ ነው፤ የምራቅ ፍጥነት። ፊሽካው ሲነፋ ተፈተለክሁ። የመጀመሪያውን ዙር ሁሉንም ጥያቸው ስመጣ ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። ችግሩ ዙሩ አራት ነበር። ሁለተኛው ላይ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ሦስተኛው ላይ ሁሉም አለፉኝ፣ አራተኛውን ብቻዬን ዞርኩት። የክፍል ጓደኛዬ ጌቱ ከዳር ሆኖ «ውይይት! ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። ውይይት ያቺ ከኋላ እየተጫነች ዳገት ላይ የምታጨሰው፣ በየሜትሩ የምትቆመው ታክሲ ናት። ስሙ የዚያኑ ዕለት ተለጠፈብኝ።

የጌቱስ ግድ አልሰጠኝም። አባዬን ፈለግሁ። ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሯል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰ መሰለኝ። ከዚያ ዞር ብሎ ሳያየኝ ወደ ቤት ሄደ። ማታም ስለ ሩጫው አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔም አባቴን በሰው ፊት አስለቀስኩት ብዬ ደመደምኩና ሩጫ የሚባል ነገር ተውኩ። ከዚያ ወዲያ የእማዬ ምራቅ ቢደርቅም ባይደርቅም በእርምጃ ሆነ። አድጌም፣ አግብቼም፣ ናይሮቢ መጥቼም ያው ነኝ፤ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ቢያመልጠኝ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ፣ ዝናብ ቢመጣ እየተራመድኩ እበሰብሳለሁ። ሂሩት «ኩራት ነው» ትላለች። ኩራት አልነበረም።

ታዲያ እዚህ አገር ሀበሻ ሆኖ አለመሮጥ ቀላል አይደለም። ዌስትላንድስ ያለው ቢሯችን የገባሁ ቀን ኬንያውያኑ ያዩት ፊቴን ሳይሆን እግሬን ነው። እኔም በበኩሌ እነሱ ሁሉ ሯጭ ይመስሉኝ ነበር፤ አለቃችን ግን መንገድ ተሻግሮ ሙዝ ለመግዛት መኪና ያስነሳል። አንድ ቀን ምሳ ላይ የሒሳብ ክፍሏ ዋንጂኩ «ከመሥሪያ ቤታችን ለግማሽ ማራቶን ማን ይመዝገብ?» ስትል አፌ ቀደመኝ። «እኛ አገር ግማሹን የሚሮጡት ሕፃናት ናቸው» አልኳት። ሰው ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። በነጋታው ሙሉውን አስመዝግባኝ መጣች። «እናያለና፣ ኢትዮጵያ!» አለችኝ። አገሬን በስሟ ስትጠራብኝ እንዴት አድርጌ ልውጣ? እስቲ እናንተው ንገሩኝ።

ልምምዱን ብተርከው ታዝኑልኛላችሁ። እሑድ እሑድ ሰው እንዳያየኝ ብዬ ሩንዳ ድረስ በመኪና ሄጄ እሮጣለሁ። የዲፕሎማቶቹ ሰፈር ስለሆነ ዘበኞቹ ሀብታም ሲሮጥ አይተዋል፤ እኔን ግን ምን እንዳባረረኝ ለማየት ከኋላዬ ያጮልቃሉ። ልጄ ሳሮን ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ናት፣ ጭንቀቷ ሌላ ነበር። «ዳድ፣ ፕሊስ፣ ያን አጭር ቁምጣ ለብሰህ ፍሬንዶቼ እንዳያዩህ» ትለኛለች።

ቀኑ ደረሰ። ሰው ከስህተቱ ይማራል የሚሉት ሌላ ሰው ነው። ሲጀመር እንደ ስድስተኛ ክፍሌ ተፈተለክሁ። ከፊሉን ሕዝብ ጥዬ ስሄድ ልቤ አበጠ፤ ልቤ ሲያብጥ እግሬም አበጠ። ግማሹ ላይ እያነከስኩ ነው። ፀሐዩ ሲበረታ እነዚያ የጣልኳቸው ሁሉ፣ አንድ የጥንቸል ጆሮ ያደረገ ሰውዬ ሳይቀር፣ «ፖሌ ፖሌ» እያሉኝ አለፉ። ቀስ በቀስ ነው አሉ! እሱን እኮ መጀመሪያ ነበር መንገር።

ዞር ስል ከኋላዬ ሰው የለም። ሰው የለም፣ አውቶቡስ ግን አለ። መንገዱ ለመኪና ሊከፈት ስለሆነ የቀሩትን እየለቀመ የሚመጣ አውቶቡስ ነው። ውስጡ እጅ የሰጡት ቁጭ ብለው ሙዝ ይልጣሉ። በሩ ላይ ያለችው ነርስ «ምዜ፣ ፓንዳ! ቦታ አለ» አለችኝ። ግባ ማለቷ ነው። ወንበሩን አየሁት፤ ከዚያ የሚያምር ወንበር በዕድሜዬ አላየሁም። ግን ከገባሁ መቼም አልወጣም። ያ ሜዳ ላይ የቀረው ልጅ አሁንም እዚያው እንደቆመ ይቀራል። እሷ ይሄን የት ታውቃለች? «ሀፓና»፣ አይሆንም፣ አልኩና ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ።

«ሹፌሩ ርቦታል እኮ!» አለች።

«ሙዝ ስጪው!»

አውቶቡሱ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። ጎኔን እየወጋኝ፣ እየተንገዳገድኩ ሳቅሁ፤ ያኔ የሆነ ነገር ተፈታ። ከዚህ በላይ ምን ይመጣል? መጨረሻ ነኝ፤ ከመጨረሻ ወደ ኋላ ቦታ የለም። የሚቀድመኝ ሰው አልቋል። መንገድ ዳር በቆሎ ይጠበሳል፤ ስንት ሰዓት ሙሉ ሽታው አብሮኝ ሲሮጥ ኖሮ አሁን ገና ሸተተኝ። እግሬ ማንንም ሳይጠይቅ የራሱን አካሄድ ያዘ፤ አጭር፣ ቀርፋፋ፣ ግን ሩጫ ነበር። ሹፌሩ በጥሩምባው ምት ይሰጠኛል፤ እነዚያ ሙዝ በላተኞች በመስኮት ብቅ ብለው ያጨበጭባሉ። ያ ልጅ ሆኜ ቁልቁል የምወርደው ዓይነት ደስታ፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ደረቴ ውስጥ ገባ። ለመድረስ ብቻ መሮጥ። እንዲህ ቀላል ኖሯል?

ስደርስ የመጨረሻው መስመር ላይ የቆመው በአየር የተነፋ ትልቅ በር ተንፍሶ ወድቋል። ሁለት ሠራተኞች እየጠቀለሉት ነበር። እኔን ሲያዩ ተያዩ፣ ከዚያ ምንም ሳይሉ ጫፍና ጫፉን ይዘው ከጭንቅላታቸው በላይ አነሱልኝ፤ እኔም ጎንበስ ብዬ ከሥሩ ሾለክሁ። አንዷ ልጅ የታሸገ ካርቶን ቀድዳ ሜዳሊያዬን አወጣች። ዋንጂኩ ግማሹን ሮጣ፣ ገላዋን ታጥባ፣ ልብሷን ቀይራ እዚያው ትጠብቀኛለች፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ሕፃናቱ ቀድመው ገብተዋል» አለችኝና አቀፈችኝ። ሂሩት ታለቅሳለች፣ ትሳደባለች፤ ሁለቱንም ባንድ ላይ።

ማታ አዲስ አበባ በቪዲዮ ደወልን። አስቴር ስልኩን ለአባዬ ያዘችለት። ሰማንያን አልፏል፣ ጆሮው ደከም ብሏል፣ ወሬው ግን ያው ነው።

«ስንተኛ ወጣህ?»

«መጨረሻ፣ አባዬ።»

ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ አየኝ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያ ትከሻ ነው፤ ደግሜ አስለቀስኩት አልኩ። ለካ እየሳቀ ነው! ሳል እስኪያፍነው ሳቀ። አስቴር ውሃ አመጣችለት። ያን ጊዜ ከልጅነቴ ጀምሮ ያልወጣልኝ ጥያቄ ወጣ።

«ያን የትምህርት ቤቱ ቀን ምነው ጥለኸኝ ሄድክ?»

«ሳቄ መጥቶብኝ ነዋ!» አለ። «ጥጡ ከተረከዝህ ወጥቶ እንደ ጥንቸል ጭራ ይወዛወዛል፤ አንተ ደግሞ ኮስተር ብለህ ትሮጣለህ። ሲስቅብኝ አየሁት ብለህ እንዳይከፋህ ብዬ ዞርኩ፤ አልቆም ሲለኝ ቤቴ ገባሁ። ማታም አፌን ብከፍት መሳቄ ነው።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ቆየሁ። እግሬ ባልዲ ውስጥ፣ ዓይኔ ግድግዳው ላይ። ደረቴ ላይ ለዓመታት ተቀምጦ የኖረ ሰው «እንግዲህ ልሂድ» ብሎ የተነሳ ያህል ቀለለኝ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ካሩራ ደን እሮጣለሁ። ዘንቦ ሲያድር አፈሩ ቀይ ነው፣ ዛፉ ይንጠባጠባል፣ በዱላ የሚራመዱ አዛውንቶች እየቀደሙኝ «ጉድ ሞርኒንግ» ይሉኛል። ባለፈው ሳሮንም መጣች፤ ቁምጣዬን ይቅር ብላኛለች። ፊት ትሮጥና በሕይወት መኖሬን ለማየት ትመለሳለች፤ እኔ አንዴ የሮጥኩትን እሷ ሁለቴ ሮጠችው። ዳገቱ ላይ አተነፋፈሴን ስትሰማ እዚያው ፊቴ ላይ፣ ጥርሷን ሁሉ እያሳየች፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

የእኛ ወላጆች ሳቃቸውንም ፍቅራቸውንም ከኋላቸው ደብቀው ነው ያሳደጉን። እኛም ትከሻቸውን ብቻ አየን፤ የቀረውን በራሳችን ሞላነው፣ ብዙ ጊዜም ተሳስተን። የዛሬ ልጆች ምንም አይደብቁም። ክፉም ይሁን ደግ፣ ፊት ለፊት ነው።

«ሳቂ፣ ሳቂ» አልኳት፣ ትንፋሼን እየለቃቀምኩ። «ብቻ እየሮጥሽ ሳቂ፣ ከቆምሽ እኔም እቆማለሁ።»