«የነበረ» የተባለው ድቤ

ከከላላ መንገድ ዳር፣ በአሮጌው መስጊድ ውስጥ ያለችውን ክፍል ሙዚየም እንበላት እንጂ ጓዳ ነበረች። ቁርኣን የሚቀራበት ሎሁም ኪታቡም አሮጌው ምንጣፍም አንድ ላይ ተከምሯል። ከመካነ ሰላም የባህል ቢሮ እንዳስተካክላት የተላክሁት እኔ ነኝ። የአሥር ቀን ሥልጠና ስለወሰድሁ ዐዋቂ ነበርሁ። ዕቃውን በወግ ደረደርሁ፤ ትልቁን የመንዙማ ድቤ መሐል አድርጌ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁበት። ከሥሩም «ቀድሞ ለመንዙማ ያገለግል የነበረ ድቤ» ብዬ ለጠፍሁ።

ድቤውን ከአባታቸው የተረከቡት አዛውንት ሼህ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አነበቡት።

«‹የነበረ› ማለት ምንድን ነው? ሞተ እንዴ?»

«የሙዚየም አጻጻፍ ነው፣ ሼሃችን። አንዴ ከገባ አይወጣም።»

«ወላሂ፣ በዕድሜ እኔ እበልጠዋለሁ። እኔንም ነበሩ በለኛ!»

እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። መውሊድ ደርሷል፤ የአባታቸው ድቤ ዝም ብሎ እንዳያልፍባቸው ፈርተዋል።

ሊያስፈቅዱኝ በበቅሎ ሦስት ጊዜ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ሦስቱንም ጊዜ ያገኙት በሬ ላይ የለጠፍኋትን ወረቀት ነው፦ «ለመስክ ሥራ ወጥቻለሁ።» መስኩ ከቢሮው ጀርባ ያለው ሻይ ቤት ነበር። ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት አፍሬ ተደበቅሁ። አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል።

የመውሊድ ዕለት ከዞን የመጡ እንግዶችን አስከትዬ፣ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ሣጥኑ ባዶ ነው! ጠባቂ ስላልነበረን ቁልፉን ለሼሁ የሰጠሁት ራሴ ነኝ። በድቤው ቦታ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ተቀምጧል፤ አንዲት ፊደል እንኳ አልጎደለችውም፦

«ለመስክ ሥራ ወጥቻለሁ።»

ከግድግዳው ወዲያ ድቤው ይደለቃል፤ ሰዉ ይቀበላል። የእንግዶቹ አለቃ ወረቀቱን አነበበና ወደ እኔ ዞረ።

«ከእናንተ ቢሮ ለሥራ ወጣሁ ብሎ እውነትም ሥራ ላይ የተገኘ ይኸ የመጀመሪያው ነው» አለ።

የምገባበት ጠፋኝ። ምን አማራጭ አለኝ? ብዕሬን አወጣሁና «ቀድሞ»ንም «ያገለግል የነበረ»ንም ሰርዤ «የሚያገለግል» ብዬ ጻፍሁ።

ሼሁ ድቤውን ተሸክመው፣ ላባቸውን እየጠረጉ ሲመለሱ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ «እኔም አለሁ ማለት ነው።»