ዘነቡ ቆማ የዋለችበት አግዳሚ

ለሱቄ ልብስ ላመጣ ኢስታንቡል ሄጄ አንድ ቀን ተረፈኝ። ባሕሩ ዳር ካለ መናፈሻ ገብቼ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ሽማግሌዎች ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ድመቶች በሰው እግር መሀል ይተኛሉ። ከየት መጣሽ፣ ለምን ተቀመጥሽ ያለኝ የለም። የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ እየጋጥሁ ሳለሁ ሽታው ድንገት ወልድያ ወሰደኝ። ደስታዬም እዚያው ላይ አበቃ።

አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። የአጎቴ ልጅ ዘነቡ ከግራና ገጠር ከአባቷ ጋር መጣች። በሰፈሯ ያለውን ትምህርት ጨርሳ ነበር፤ ከተማው ከተስማማት እኛ ቤት ሆና ልትቀጥል፣ ካልተስማማት በዚያው ቀን ልትመለስ ነው። ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ እንደምትተኛ ስሰማ አኮረፍሁ። እናቴ ደግሞ ይዘሻት ዙሪ፣ ከተማውን አሳያት አለችኝ።

አሳየኋት። መናፈሻው ውስጥ ካለው አግዳሚ ልትቀመጥ ስትል ያዝ አደረግኋት።

«ይኼ ለከተማ ሰው ነው። ባላገር ከተቀመጠበት ዘበኛው በዱላ ነው የሚለው» አልኋት።

ቆመች። ቦኖው ጋ ሄዳ ውኃ ልትጠጣ ስትልም ያንኑ ነገርኋት። እኔ ከአንዲት እናት ጎን ተቀምጬ በቆሎዬን ስበላ እሷ ፊቴ ቆማ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እግሯ ትደገፍ ነበር። አዲሱ የላስቲክ ጫማ ተረከዟን ልጦት ደም ይታያል። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በቆሎውንም ሆን ብዬ ቀስ እያልሁ ነው የበላሁት።

ቤት ስንመለስ አጎቴ ከተማው እንዴት ነው ብለው ጠየቋት። «አባባ፣ እንሂድ» ብቻ አለች። እናቴም የገጠር ልጅ ከተማ ይፈራል ብላ ሸኘቻቸው። ዘነቡ ከዚያ ወዲህ ደብተር አልያዘችም፤ ሁለት ክረምት ሳያልፍ ዳሯት።

በቆሎውን አስቀምጬ ከዚያው ከባሕሩ ዳር ደወልሁላት። ስለ ወንበሩ የነገርኋት ውሸት እንደነበር፣ ይህን ሁሉ ዓመት እንደደበቅሁት ነገርኋትና ይቅር በይኝ አልኋት።

«አውቄ ነበርኮ እህቴ» አለችኝ በቀስታ። «ከግራና አብረውን በመኪና የመጡት ባላገር እናት ከጎንሽ ተቀምጠው አልነበር? ማንም አልነካቸው። እንዳልፈለግሽኝ ገባኝና ነው የሄድሁት።»

ከዚያ ልጆችሽ ደኅና ናቸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ደኅና ናቸው አልኋት፤ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ ናቸው ማለት ግን አፌ እምቢ አለ። የሰው አገር ለእኔ መቀመጫ አላጣልኝም። እሷን ግን በገዛ አገሯ አቁሜ አዋልኋት።